የትኛው ጣሊያን?

በአገራችን አንድ ዕቃ ከባለቤቱ በላይ ቆይቶ ሳይሰበር ከተገኘ የልደት ካርድ የሚጽፍለት አይጠፋም፤ «የጣሊያን ነው!» ይባላል። ድልድዩ የጣሊያን ነው። የበሩ ማጠፊያ የጣሊያን ነው። የአሜሪካው የሲንገር ኩባንያ ስፌት መኪና እንኳ በአያቶቻችን ሳሎን ጥግ ተቀምጣ «የጣሊያን ናት፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ብረት ከየት ይመጣል?» ስትባል ኖራለች። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ዕቃው ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ያን ሁሉ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞርሳና ብረት ድስት ተሸክሞ የመጣ ጦር ጥይቱን የት ላይ ጭኖት ይሆን?

በዚህ ልማድ ብዙ የተበደለው የእጅ መጋዝ ነው። በጠመንጃ በኩል እንዲህ ያለ ስንፍና የለብንም። ውጅግራን ከምንሽር፣ አልቤንን ከቤልጅግ መለየት የማይችል ሽማግሌ ድሮ ከሰው ፊት ተቀምጦ ወግ አያወራም ነበር። አፈሙዙን አይቶ፣ ሰደፉን ዳሶ፣ «ይቺ ዓድዋ የዋለች ናት፤ ይቺ ደግሞ ማይጨው ላይ የተማረከች» ይላል፤ ደግሞም አይሳሳትም። መጋዝ ግን ቤቱን ሠርቶ፣ አልጋውን ሠርቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑን በርና የመስጊዱን ሚንበር ሠርቶ፣ በመጨረሻም ፎካሪውን ራሱን የሚያስተኛውን ሣጥን ሠርቶ፣ ስሙን የሚጠራለት የለም። «ዘራፍ! ጣውላ አንበርካኪው፣ ግንድ አሳልፎ የማይሰጠው!» ብሎ የሸለለ አናጺ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም።

አሶሳ ውስጥ በተለይ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ለሱዳን ድንበር ቀርባ፣ በማንጎና በቀርከሃ ተከብባ የተቀመጠች ናት። የቤት ዕቃ ሠሪው ሁለት ዓይነት ነው፤ የቀርከሃው ሠሪና የዋንዛው ሠሪ። ጎረቤቴ የዋንዛው ነው። ቆርቆሮ ጥላው ሥር ፒያላው፣ ስካርፔሎው፣ ሴጌቶው በምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ እያልኩ የመላጨት ሽታ መማግ እወዳለሁ።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት መጋዝ ሊያስሞርዱ መጡ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዱ ናቸው፤ የሚኖሩትም በቁጥር ከሚጠሩት ሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። መጋዙ ረዥም ነው፤ እጀታው ለበር በተገዛ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል፤ ምላጩ ቡና የመሰለ ዝገት ለብሷል።

«አባባ፣ ይቺ መጋዝ የመቼ ናት?» አልኳቸው።

«የጣሊያን ናት፣ ቲቸር።»

«የትኛው ጣሊያን?»

ሌላ ክልል ቢሆን ይህ ጥያቄ ማሾፍ ይሆን ነበር። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን ማንም ዳኛ ሊያነሳው የሚችል ሕጋዊ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ክልሉ ሦስት ጣሊያን አይቷል።

የመጀመሪያው ሁላችን የምናውቀው፣ የ1928ቱ ነው። እሱን ከአሶሳ ያስወጣው ጦር ታሪክ ራሱ ያስቃል። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው በሱዳን በኩል የመጣው የቤልጅግ ኮንጎ ሠራዊት ነበር፤ መኮንኖቹ ቤልጅጎች፣ ወታደሮቹ ኮንጎዎች፣ የሠራዊቱ መግባቢያ ሊንጋላ። እንግዲህ አሶሳ ነጻ የወጣችው በሊንጋላ ነው ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ «የቤልጅግ መጋዝ» የሚል ሰው አንድም የለም። ቤልጅግ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ጠመንጃውን ብቻ ነው፤ ጠመንጃው ለቤልጅግ፣ መሣሪያው ለጣሊያን ተከፋፍሎ አልቋል።

ሁለተኛው ጣሊያን መተከል፣ ፓዊ የገባው ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የጣሊያን መንግሥት በሰጠው ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ለሰፋሪዎቹ መንገድ ተጠረገ፣ ሆስፒታል ተሠራ፣ ትራክተር በመደዳ ተሰለፈ፤ ደርግ ሲወድቅ ፕሮጀክቱም አብሮ ቆመ። ሥራውን የያዘው ሳሊኒ የሚባለው የጣሊያን ተቋራጭ ነበር። ሦስተኛው ጣሊያን ደግሞ ያው ሳሊኒ ራሱ ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ በተጣለው በጉባው የሕዳሴ ግድብ ግንባታ ተመልሶ መጣ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ስለዚህ በዚህ ክልል «የጣሊያን ናት» የተባለች መጋዝ የተወለደችበት ቀን ከ1928 እስከ 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የትም ሊውል ይችላል። ዘጠና ዓመት ስፋት ያለው ልደት!

ሰው ካልተናገረ መጋዙ ይናገራል። ከሁሉ አስቀድሞ ቅርጹ። ጣሊያንን ጨምሮ ብዙው የአውሮፓ አናጺ ለረዥም ዘመን የወደደው ባለ ክፈፍ መጋዝ ነው፤ ስስ ምላጭ በእንጨት ክፈፍ መሐል ገብቶ፣ ከላይ በተጠማዘዘ ገመድ ተወጥሮ የሚሠራበት ማለት ነው። ሰፊ ምላጩ ያለ ክፈፍ ራሱን ችሎ፣ ከአንድ እጀታ ጋር በብሎን ታስሮ የሚሠራው መጋዝ ግን በተለይ የእንግሊዝና የአሜሪካ ልማድ ነው። እንግዲህ ያ በየቤቱ «የጣሊያን» የሚባለው ሰፊ መጋዝ ገና ከሩቅ ሲታይ ጣሊያንነቱ ያጠራጥራል። ለአሶሳ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ ሱዳን እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ጨውና ጨርቅ ከተሻገረ የሼፊልድ መጋዝ የማይሻገርበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀጥሎ እጀታውን እዩ። የድሮው እጀታ በእጅ የተቀረጸ ነው፤ ጥምዝ ጥምዙ ብዙ፣ ጠርዙ ሁሉ የተለሰለሰ፣ መዳፍ ሲገባበት «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል። ፋብሪካው እየፈጠነ በሄደ ቁጥር ጥምዙ እየቀነሰ፣ እንጨቱ ጠፍጣፋ እየሆነ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩትን ብዙዎቹን ስትይዙ ጡብ የያዛችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩ ገባ፤ ስለ ፕላስቲኩ ባንነጋገር ይሻላል።

ብሎኖቹም ዕድሜ አላቸው። የጥንቶቹ የናስ ብሎኖች ራሳቸው ከእንጨቱ ጋር እኩል የተሞረደ፣ በተራ ካቻቪቴ የማይፈቱ፣ ከመካከል ቀዳዳ ግራና ቀኝ ስንጥቅ ያላቸው ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ራሱ ድቡልቡል የሆነው ብሎን በተለይ በአሜሪካ ቦታቸውን ወሰደ። እንግሊዞቹ ግን አሮጌውን ብሎን ቶሎ አልጣሉትም፤ የእንግሊዝ ነገር ስለሆነ ማንም አይደነቅም።

ከብሎኖቹ አንዱ ተለቅ ብሎ ጽሑፍና ሥዕል ያለበት ከሆነ ሜዳሊያ ነው። ባለቤቱ ያላወራውን ሁሉ እሱ ያወራል። ከሜዳሊያ ባለቤቶች ሁሉ ስሙ የገነነው ሄንሪ ዲስተን ነው። በ1819 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ተወለደ፤ በ14 ዓመቱ ከአባቱና ከእህቱ ጋር አሜሪካ ፊላደልፊያ ደረሰ፤ አባቱ መርከቡን ከለቀቁ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተና ልጁ መጋዝ ሠሪ ቤት ገባ። በ1840 የራሱን ሥራ ከፈተ። በ1865 ልጁን በድርጅቱ ስም አስገባ፤ በ1871 «እና ልጆቹ» ሆነ። እንዲህ ያለ ደግ አባት ለቀን ቆጣሪ ምን ያህል ይጠቅማል! ሜዳሊያው ላይ ዲስተን ብቻውን ከሆነ አንድ ዘመን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ከሆነ ሌላ ዘመን፣ ከልጆቹ ጋር ከሆነ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ነው። በ1955 ቤተሰቡ ድርጅቱን ለሌላ ኩባንያ ሸጠው። እኛ አገር የንግድ ቤቶች «እና ልጆቹ» የሚሉትን ዓመት ቢመዘግቡልን የመርካቶን ታሪክ ለመጻፍ ግማሽ መንገድ በሄድን ነበር።

ጽሑፍ ከተገኘ ደግሞ የአገር ስም ፈልጉ። ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ የውጭ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት በሕግ አስገደደች፤ በዚህም የተነሳ የአገር ስም ያለበት ዕቃ ከዚያ ወዲህ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ምርጦቹ መስካሪዎች የፈረሱት አገሮች ናቸው። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል መጋዝ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ከ1918 እስከ 1992 ነው፤ ከዚያ ውጪ ሊሆን አይችልም። የደርግ ዘመን ጓዶቻችን ብዙ ነገር ቃል ገብተውልን ያልፈጸሙት ቢኖርም፣ በዚህ በኩል ግን ለታሪክ ተመራማሪ ሲሉ ፈርሰውለታል።

አሃዝ ሲገኝ ግን ጠንቀቅ ነው። እጀታው አጠገብ፣ ከምላጩ ተረከዝ ላይ 8 ተብሎ ቢገኝ አንዱ «ስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ይላል፤ ሌላው «ቁጥሩ ነው፣ እንደ ጫማ» ይላል። ጥርስ ነው የተቆጠረው። በአንድ ኢንች ውስጥ፣ ማለት በ2.54 ሳንቲ ሜትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስምንት የጥርስ ሹል አለ ማለት ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ የሆነው እንጨቱን አግድም ለመቁረጥ ነው፤ ጥርሱ እንደ ቢላ ይሳላል። አምስት አካባቢ የሆነው በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ነው፤ ጥርሱ የመሮ ሥራ ይሠራል።

በመጋዙ ላይ 1928 የሚል ቢገኝ ደግሞ ወየው! ቁጥሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ 1920 ወይም 1921 ዓ.ም. ይሆናል፤ ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉበት ዓመት። ያየው ሰው ሁሉ ግን በኛ አቆጣጠር አንብቦ «አላልኳችሁም? የጣሊያን ነው!» ማለቱ አይቀርም። ከዚህ የባሰው የስፒር ኤንድ ጃክሰን ነገር ነው። ይህ የሼፊልድ ድርጅት በ1760 እ.ኤ.አ. መመሥረቱን ከስሙ ጋር ማተም ይወዳል። ባለ ፕላስቲክ እጀታ መጋዝ ይዞ በአጼ ኢዮአስ ዘመን የተሠራ ነው ብሎ የሚምል ሰው ብታገኙ አትሳቁበት፤ እቴጌ ምንትዋብ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ፕላስቲኩ ግን አልተወለደም።

ወደ አሮጌ ካልን ደግሞ ከኛ የሚቀድም የለም። «ዕርገተ ኢሳይያስ» የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ንጉሥ ምናሴ ነቢዩን በመጋዝ እንዳስተረተረው ይተርካል፤ መጋዙም የእንጨት ነው ይላል። ሜዳሊያ የለው፣ ብሎን የለው፣ ዝገት የለው፤ ለመርማሪ ከዚህ የከፋ መጋዝ አይኖርም። መጋዝ በየሰፈሩ ሳይዳረስ አባቶቻችን ግንዱን በሽብልቅ እየሰነጠቁ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ ሳንቃ ያወጡ ነበር፤ የአንዳንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የመጥረቢያው ጠባሳ እስካሁን ይነበባል።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝ። ጎረቤቴ በበኩሉ መጋዙን በሞርሳ አስሮ፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ሞረድ አንስቶ ጥርሱን ከማስተካከሉ በፊት ምላጩን ጎንበስ አድርጎ በጣቱ ኮረኮረው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ብረቱ ደህና ነው» አለ። እሱ በጆሮው ነው የሚመረምረው፤ ጥሩ ብረት ሲመታ ይጮኻል፣ መናኛው ያጉረመርማል። በውጭ አገር መጋዝን በደጋን እየመቱ የሚያዜሙ ሙዚቀኞች አሉ፤ ማርሌነ ዲትሪክ የምትባለው የፊልም ተዋናይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሮች ትጫወትበት ነበር። መሲንቆ መቺ በሞላበት አገር ይህን ያልሞከርነው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት መጋዙ ሥራ ስለማይፈታ ይሆናል።

በአሶሳ መጋዝ ሥራ መፍታት ቀርቶ ጥርሱም አይተርፍለትም። ቀርከሃ ብረት ይበላል። በልጡ ውስጥ አሸዋን የሚያህል ደረቅ ነገር ስላለ ጥርሱን ያደነዝዘዋል፤ ጥርሱ ሻካራ ከሆነ ደግሞ ቀርከሃው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ለቀርከሃ ጥርሱ የጠበቀው ሴጌቶ ይሻላል፤ ሰፊው መጋዝ ለዋንዛ ይቀመጥ። ለነገሩ ቀርከሃ ዕድሜውን ራሱ ይዞ የሚሄድ ተክል ነው፤ የቆላው ቀርከሃ ስንት አሥርት ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ አብቦ፣ ጫካው አንድ ላይ ይሞታል። ማን ተከለህ፣ መቼ ተወለድክ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የአዛውንቱ መጋዝም ብዙ ተሞርዷል። ወደ ጫፉ ያለው ስፋት ሳስቷል፤ መሐሉ ጎድጉዷል። አረንጓዴውን ቀለም በጥንቃቄ ስንፍቀው ሜዳሊያው ወጣ፤ መሐሉ ላይ ንስር፣ በዙሪያው የፈረንጅ ፊደል።

«ዋራንትድ ሱፒሪየር ይላል» አለ ለሥራ የሚላከው ልጅ፣ ፊደል እየቆጠረ። «ሠሪው ዋራንትድ የሚባል ሰውዬ ነው።»

በዓለም ላይ ከዚህ «ሰውዬ» የበለጠ መጋዝ የሠራ የለም። ዋስትና ያለው ምርጥ ዕቃ ነው ለማለት የሚጻፍ ነው እንጂ የማንም ስም አይደለም፤ ብዙ ፋብሪካዎች፣ ትልልቆቹም ጭምር፣ ስማቸውን ሊያወጡበት በማይፈልጉት ርካሽ መጋዝ ላይ ይሄን ሜዳሊያ ይመቱ ነበር። ሠሪውን ለማወቅ ምንም አይረዳም። ንስሩ ግን አሜሪካዊ ነው፤ ብሎኖቹ ድቡልቡል፣ እጀታው ጠፍጣፋና ጌጥ የሌለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ባሉት ዓመታት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ የጣሊያን ጦር አሶሳን ከለቀቀ በኋላ ማለት ነው።

«አባባ፣ ይቺ የአሜሪካ ናት» አልኳቸው፣ ፈራ ተባ እያልኩ።

«አብሽር፣ ቲቸር» አሉኝ። «አሜሪካ ወልዷት ይሆናል፤ ያሳደጋት ግን ጣሊያን ነው። ወላሂ! ጣሊያኖቹ አገራቸው ሲገቡ ፓዊ ከነበረ ሰው ነው የገዛኋት።»

«ታዲያ የፓዊው ጣሊያን ነበር የሚሉኝ?»

«ኧረ የቱ መስሎህ ነው? ያኛው ሲመጣ እኔ መች ተወለድኩና!»

ፋብሪካውን የሚመረምረው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከሜዳሊያ አያገኝም። መጋዝ ሁለት ልደት አለው፤ አንዱ የተሠራበት፣ አንዱ እኛ ቤት የገባበት። የመጀመሪያውን ከብሎንና ከንስር እናወጣዋለን፤ ሁለተኛውን ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እሱ ሲያልፍ አብሮት ይቀበራል።

እናም አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ ከአባትህ የቀረ መጋዝ ካለ በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍገው፤ ከዝገቱ ሥር በአሲድ የተጻፈ የሠሪው ስም ሊኖር ይችላል። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ በያዝከው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በትንሽ ዘይት፣ ቀስ እያልክ አጽዳው፤ ጽሑፉ ጥቁር ሆኖ ከታየህ እዚያው ላይ አቁም። እጀታውን ቀለም አትቀባው። «ልዋጭ!» የሚለው ልጅ በፕላስቲክ ሳፋ ሊለውጥህ ቢመጣ፣ ቆራሌው በኪሎ ሊመዝንልህ ቢል እሺ አትበል። ከማን፣ መቼ፣ ከየት እንደተገዛ በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ እጀታው ላይ እሰርለት፤ ዓመቱን ስትጽፍም ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለይተህ ጻፍ። «የጣሊያን ነው» ብለህ ከጻፍክ ደግሞ፣ በተለይ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው ከሆንክ፣ የትኛው ጣሊያን እንደሆነ ጨምርበት።